የግራው መደርደሪያ ሟቾች

ቂም መያዝ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስንት ሰው ነግሮኛል። ግን አንዲት ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ኖራለች። ቃሏ «ቸልተኛ» ነች።

ሥራዬ የምርምር ተቋም አይጥ ቤት ውስጥ ነው። ሳጥናቸውን አጥባለሁ፣ ሰጋቱራ እቀይርላቸዋለሁ፣ የውሃ ጡጦ እሞላለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ አይጥ ግን አውቃለሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ትልልቅ እንግዶች ጎብኝተውን በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ክፍል ሙሉ አይጥ አለቀ። ያኔ አዲስ የተሾመው ኃላፊያችን ሠራተኛውን በሙሉ እጥበት ክፍል ሰበሰበና ከወረቀት ጮክ ብሎ አነበበ፤ «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት ምክንያት።» ከዚያ ብዕር አውጥቶ «ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ምን ልበል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አይጥ በሞተ ተመታሁ።

ኃላፊውን እኛ ሠራተኞቹ «ማህተሙ» ነው የምንለው፣ በሌለበት። የቢሮውን ማህተም ለማንም አያምንም። ሲውል በጋውኑ ኪስ ነው፣ ሲሄድ በኮቱ ኪስ ነው። ባልደረባዬ ቀጮ፣ ቅጥነቱን አይታችሁ ስሙ ለምን እንደወጣለት አትጠይቁም፣ «ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ግንባር ላይ ያሳርፍበታል» ይላል።

እንግዲህ የዚያን ረቡዕ ጠዋት ላውራችሁ።

የአይጥ ቤቱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ስልሳ አይጦች ነበሩ። ግራና ቀኝ ሁለት መደርደሪያ፣ በያንዳንዱ መደርደሪያ ስድስት ሳጥን፣ በየሳጥኑ አምስት አይጥ። የዶክተሯ ናቸው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ስድስት ዓመት የደከመችበት ጥያቄ አንድ ነው፤ የአይጥ ሰውነት የሆድ ባክቴሪያን እንዴት ነው የሚመክተው? ስልሳዎቹን ከወር በፊት በተዳከመ ባክቴሪያ ከትባቸዋለች። ባለፈው አርብ ደግሞ ኃይለኛውን በአፋቸው ሰጥታቸዋለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክራው፣ የተከተቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተርፈዋል። ይህ ሦስተኛው ነው። ከሠመረ፣ ሥራው የሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ ይሄዳል። ካልሠመረ ክፍሉ ይዘጋል ተብሏል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት የግራው መደርደሪያ ጭጭ ብሏል። አይጥ ቤት ጭጭ አይልም። ይቧጥጣል፣ ይንኳኳል፣ ይንጫጫል። መብራቱን አብርቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በግራ ካሉት ሠላሳ ሃያ ሰባቱ ሞተዋል። በቀኝ ካሉት ሠላሳ የሞተችው አንዲት ብቻ ነች፤ የቀሩት ጆሯቸውን ቀስረው ያዩኛል።

ዶክተሯ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበር ነበረ፤ አላየችውም።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ክትባቱ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ባክቴሪያውን ከአንድ ብልቃጥ በገዛ እጄ ሰጠኋቸው። እንዴት ነው ግራው ብቻ የሚያልቀው?»

ቀኙ መደርደሪያ የእኔ ነው፤ ግራው የቀጮ። እኔ ደግሞ ባለፈው ሐሙስ ያልተፈቀደ ነገር አድርጌያለሁ።

ነገሩ ለፖሊስ የደረሰው በመድኃኒት ቁምሳጥኑ ምክንያት ነው። ኮሪደር ላይ ያለው ቁምሳጥን በሩ ላይ የወረቀት እሽግ አለው። ዶክተሯ ልትከፍተው ስትል እሽጉ ተቀዶ፣ መልሶ በሙጫ ተለጥፎ አገኘችው። ከውስጥ አንድ ጠርሙስ አንቲባዮቲክ የለም። «ሰው ሆን ብሎ ገብቷል» ተባለ፤ ስልክ ተደወለ።

ኢንስፔክተሩ አራት ሰዓት ላይ መጣ። አጭር፣ ደንዳና ሰው ነው፤ ጫማው ፊት ያሳያል። ሦስተኛ ክፍል ደፍ ላይ እግሩን እንዳሳረፈ አስነጠሰው።

«ይማርዎት» አልኩት።

«ያኑርዎት።» ደግሞ አስነጠሰው።

«ይማርዎት።»

«ያኑርዎት። እትዬ፣ አይጥ ለእኔ አይስማማኝም። እንዲህ ስንመራረቅ ከዋልን ምርመራው አያልቅም። በልብዎ ይበሉኝ።»

ከዚያ በኋላ በልቤ ነው ያልኩት። ከሃያ በላይ ጊዜ።

«በሩን የሚከፍተው ማን ነው?»

«እኔና ቀጮ። ቁልፉ የሚያድረው ዘበኛው ጋ ነው፤ ፈርመን እንወስዳለን።»

«ግራውን ማን ነው የሚያጸዳው?»

«ቀጮ።»

«ቀኙንስ?»

«እኔ።»

ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ እኔን አየኝ። «የእርስዎ ተርፏል» አለ።

«እግዜር ይመስገን።»

«እግዜርን እናመሰግናለን፤ የቀረውን በኋላ እናጣራለን» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ማህተሙ የመጣው አንድ ፋይል ታቅፎ ነው። በመስታወት በር በኩል እኔ ሳጥን እያጠብኩ እሰማለሁ፤ እሱም እንደምሰማ ያውቃል።

«እኔ ሰው መወንጀል አልወድም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚያስከትል እናንተም ታውቃላችሁ። «ነገር ግን ይቺ ሴትዮ ከዚህ በፊትም አንድ ክፍል አይጥ አስጨርሳለች። ይኸው፣ ፈርማበታለች።»

ኢንስፔክተሩ አነበበ። «አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።»

«ጠባይ አይቀየርም ጌታዬ። ደንብ አትወድም። ሁሉንም በራሷ ነው የምትሠራው።»

«እርስዎ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የት የት ነበሩ? ለደንቡ ያህል ነው።»

«ባለፈው ረቡዕ ጎብኚዎች ነበሩብን፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ስባክን ነው የከረምኩት። ከዚያ በፊት ቅዳሜና እሁድ አሞኝ ከአልጋ አልወረድኩም።»

ቀጮ ቀጥሎ ገባ። ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ ዶክተሯ የመብራቱን ሰዓት አዛብተሃል ብላ ሰው ፊት ተቆጥታው ነበር። ይህን ማን እንደነገረው ባላውቅም ኢንስፔክተሩ ሰምቷል።

«ቂም ነበረህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ በተቆጣኝ ሰው ሁሉ አይጥ የምገድል ብሆን፣ ከሚስቴ ጋር ስኖር እስካሁን በሰፈሩ አንድ አይጥ አይተርፍም ነበር።»

«የሞቱት ያንተ ናቸው። ባልደረባህ የተለየ ነገር ስታደርግ አላየሃትም?»

እጄ ሳጥኑ ላይ ቆመ። ባለፈው ሐሙስ የአይጦቹ እናቶች ከሚኖሩበት ክፍል ከረጢት ሸሽጌ ስወጣ ቀጮ በዓይኑ አይቶኛል። ውሃው እጄ ላይ ይፈሳል።

«አላየሁም» አለ ቀጮ። «እሷ ካላጠበች ታጥባለች፤ ካጠበች ደግማ ታጥባለች። ሌላ ምን ታደርጋለች?»

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ የሞቱትን ከፍታ አየች። ኢንስፔክተሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ አጠገቧ ቆመ፤ እኔ የቆሻሻውን ባልዲ ይዣለሁ።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ጣፊያቸው አብጧል፣ ጉበታቸው ነጠብጣብ አውጥቷል። የሰጠኋቸው ባክቴሪያ ነው የገደላቸው። ሰውነታቸው አልተከላከለም።»

«ስለዚህ ገዳዩን አውቀናል» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «በሩን ማን እንደከፈተለት ነው ያላወቅነው። እስቲ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ፤ እንደዚያ ስለሆንኩ።»

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። «ሰውነት ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለው። አንዱ መልክ የሚያስታውስ ነው፤ ያንን ነው በክትባት የምናስተምረው። ሌላው ደጃፍ ላይ የሚቆም ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ባዕድ ያለውን ሁሉ ያገኘበት ይውጣል። አስታዋሹ ነቅቶ እስኪደርስ በሩን የሚይዘው እሱ ነው። የግራዎቹ ተከትበዋል፤ አስታዋሹ አላቸው። ደጃፍ ላይ ግን ሰው አልነበረም።»

«ዘበኛው ተኝቷል በይኛ።»

«ተኝቷል። ማን እንዳስተኛው ነው ያልገባኝ።»

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ማህተሙ ቢሮ ደብዳቤ ሲጻፍ አየሁ። ለቀጮ ነው። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ከሥራ ታግዷል ይላል። «ምክንያት፦ ቸልተኝነት።» ሦስተኛ ክፍል የተማረ ሰውም ይህችን ቃል ከሩቅ ያነባታል፣ አሥራ አንድ ዓመት ካጠናት።

ለምሳ ቤቴ ሄድኩ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፤ እህቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቤታችን ሰማያዊ ክር ነው፣ ሳህን ውስጥ ሳይቀር። ሁሉንም ነገርኳት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች የስፌት መኪናውን መርገጫ አቁማ። «ከእናቶቹ ክፍል ምን ወሰድሽ?»

«ሰጋቱራ። የተኙበትን። ለየሳጥኑ አንድ አንድ እፍኝ።»

«ቆሻሻ!»

«ለአንቺ ቆሻሻ ነው። ባለፈው ሳምንት አይጦቼ ከፋቸው። ከሰኞ ጀምሮ ውሃ አይጠጡም፣ ጎጆ አይሠሩም። እናታቸው ናፍቃቸዋለች ብዬ ነው። የእናታቸውን ሽታ ሳገኝላቸው ተነቃቁ፤ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ፤ አፌን እይዛለሁ። አንቺም ያዢ። ከተናገርሽ ያባርሩሻል። ያ ሰውዬ ይሄንን ነው ሲጠብቅ የኖረው።»

«ቀጮስ?»

«ቀጮ ወንድምሽ ነው?»

«ሲጠየቅ አላየሁም አለ።»

እህቴ መርፌዋ ውስጥ አዲስ ክር አስገባች። በመጨረሻ «አንቺ እንደሆንሽ እኔ ዝም በይ ስላልኩሽ ዝም ብለሽ አታውቂም» አለችና መኪናውን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ይህ በእህቴ ቋንቋ ሂጂ ማለት ነው።

ኢንስፔክተሩን ያገኘሁት ዘበኛው ቤት ውስጥ የመግቢያ መዝገብ ሲያገላብጥ ነው። ዶክተሯም ነበረች። ቁጭ በይ ሳልባል ቁጭ አልኩ።

«ቀጮ ምንም አላደረገም» አልኩ። «ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ምኑን?»

እፍኝ እፍኙን ነገርኩት። ዶክተሯ አፏን ከፍታ ቀረች። መናደዷ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አልገደሏቸውም እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «አትርፈዋቸዋል። ግን ከምን?»

«ቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከሰኞ ጀምሮ ውሃ አይጠጡም ነበር አሉኝ። በምን አወቁ?»

መጻፍ ስለማይቀናኝ፣ ጠጥተው የጨረሱትን ጡጦ በሞላሁ ቁጥር የሳጥኑ ካርድ ላይ አንድ ጭረት እጭራለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ደፍቼ የምቀይረውን አልቆጥርም። ካርዶቹን አምጥቼ ዘረጋሁለት። የሌላው ሳምንት ሁሉ ጭረት በጭረት ነው። የዚያ ሳምንት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ግን ባዶ። ሐሙስ እንደገና ጭረት ይጀምራል።

«ስድስቱም ሳጥን» አለ። «አይጥ ተስማምቶ አያድምም። ውሃው ምን ሆኖ ነበር? ከየት ነው የምትቀዱት?»

«እጥበት ክፍል ካለው ትልቁ ጀሪካን። እኔም ቀጮም ከእሱ ነው። ቀጮ ቅዳሜ ከሰዓት ይሞላዋል፤ እስከ ረቡዕ ያደርሰናል።»

«የእናቶቹስ?»

«የእናቶቹ ክፍል የራሱ ቧንቧ አለው።»

ዶክተሯ ድንገት ተነሣች። «የጠፋው ጠርሙስ! ያ አንቲባዮቲክ መራራ ነው። ውሃ ውስጥ ከገባ አይጥ ከጥማት ካልሆነ አይቀምሰውም።»

«ጀሪካኑን እንየው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የተረፈው ረቡዕ ማታ ተደፍቷል፤ ጀሪካኑም ተለቅልቋል» አልኩ። «ጡጦዎቹንም ሐሙስ በእጄ አጥቤያቸዋለሁ።» የዚያን ያህል ጽዳት የጠላሁበት ቀን የለም።

ኢንስፔክተሩ አስነጠሰው። በልቤ ይማርዎት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አንዲት ጡጦ አለች!» አልኩ። «በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ቀጮ አንዲት ጭራዋን የተነከሰች አይጥ ለብቻዋ አግልሎ ነበር። ከዚያው ጀሪካን ቀዳላት። ሐሙስ ሲመልሳት ጡጦዋን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ረስቷታል። ልነግረው ነበር፤ በኋላ ልቀልድበት ብዬ ነው ያቆየሁት።»

ሮጥን። ኢንስፔክተሩ ቀድሞን ደረሰ፤ ለአጭር ሰው ይፈጥናል። ጡጦዋ ነበረች። ሲሶ ውሃ ነበራት።

ዶክተሯ የሠራችው ነገር እንዲህ ነው። ክዳን ባላቸው ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ላይ ባክቴሪያ እንደ ቅቤ ቀባች። ሁለት ክብ ወረቀቶች ቆረጠች፤ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ አንዱን በጡጦዋ ውሃ ነክራ በየሳህኑ መሐል አስቀመጠች። «እስከ ነገ ነው» አለች። ኢንስፔክተሩም «እስከ ነገ ማንም ምንም አልሰማም» አለ፤ ሲናገር የሚያየው እኔን ነው።

አርብ ጠዋት ሳህኖቹ ወጡ። የንጹሑ ውሃ ሳህን ዳር እስከ ዳር ደመና ለብሷል፤ ባክቴሪያው እንደልቡ በቅሏል። የጡጦዋ ውሃ ሳህን ላይ ግን ወረቀቱን የከበበ ንጹሕ ቀለበት አለ፤ ጨረቃ አንዳንዴ እንደምትከበበው። እዚያ ውስጥ አንድም አልበቀለም።

«መድኃኒት ነው» አለች ዶክተሯ። ሳህኑን ወደ ብርሃን አንሥታ ደግማ አየችው።

አምስት ሰዓት ላይ እጥበት ክፍል ተሰበሰብን፤ ማህተሙ፣ ዶክተሯ፣ ከእገዳው የተጠራው ቀጮ፣ ዘበኛውና እኔ። ኢንስፔክተሩ የመግቢያ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዟል።

«ጀሪካኑ ቅዳሜ ተሞላ» አለ። «ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ አይጦቹ ውሃውን እምቢ አሉ። በመሐል ሁለት ሰዎች ገብተዋል። አንደኛዋ ዶክተሯ ናት።»

ቀጮ ዶክተሯን አያት። እኔም አየኋት፤ አልዋሽም።

«ቅዳሜ ማታ ለአሥር ደቂቃ። አይጦቼን ላያቸው ነበር» አለች።

«ዘበኛው አብሮሽ ገብቶ አብሮሽ ወጥቷል፤ እጥበት ክፍል አልገባሽም። ሁለተኛው ሰው እሁድ ስምንት ሰዓት ገብቶ ስምንት ከአርባ ወጥቷል። ምክንያት የሚለው ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹ማህተም ረስቼ ነው።›»

መጀመሪያ የሳቀው ቀጮ ነው። አፉን ይዞ ነው የሳቀው፤ ግን አመለጠው። «ማህተም ረስቶ! ጌታዬ፣ እኔ ጭንቅላቴን ረስቼ ልሄድ እችላለሁ። እሳቸው ማህተም?»

«እኔም ሁለት ቀን አይቻቸዋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «በየአምስት ደቂቃው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ደግሞም እሁድ ከአልጋ አልወረድኩም ብለውኝ ነበር።»

ማህተሙ እጁ ኪሱ ላይ ነበር። እዚያው ላይ ደረቀ።

«ለበጎ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ጥቂት አይጦች ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ረቡዕ ጎብኚ ይመጣል። የታመመ አይጥ ካዩ ምን ይላሉ? ለሁሉም ሦስት ቀን መድኃኒት ብሰጥ ይጠነክራሉ እንጂ ምን ይሆናሉ ብዬ ነው። መድኃኒት እኮ ነው! መድኃኒት ይገድላል እንዴ?»

«እሽጉን ለምን ቀደዱት? ለምን ዋሹኝ?»

«ማስፈቀድ ነበረብኝ። ካስፈቀድኩ በሽታ አለ ተብሎ ይጻፋል።»

ዶክተሯ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ ለቀጮ እንደምትነግር ሁሉ ነገረችው። «ሆድ ውስጥ ደህና ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ዓይነት። ቦታውን ይዘው ባዕዱን ያስቸግሩታል። ከዚያም በላይ፣ እዚያ መኖራቸው ብቻ ደጃፍ ላይ ያለውን ጠባቂ ነቅቶ እንዲቆም ያደርገዋል። እርስዎ በሦስት ቀን ጠራርገው አወጧቸው። መድኃኒቱ ረቡዕ አለቀ፤ አርብ እኔ ኃይለኛውን ባክቴሪያ ሰጠኋቸው። የገባው ባዶ ቤት ነው።»

«ጎረቤት የሌለው ዘበኛ ይተኛል» አልኩ እኔ።

«በትክክል! የእትዬ አይጦችም ሲጠማቸው መድኃኒቱን ተጎንጭተዋል። ግን ሐሙስ የእናቶቻቸው ሰጋቱራ መጣላቸው። አይጥ የሌላውን በጠጥ ይበላል፤ ያንን በልተው ጎረቤቶቻቸውን መለሱ። አርብ ጠላት ሲመጣ ደጃፉ ላይ ሰው ነበረ።»

ቀጮ ራሱን ያዘ። «እኔ እንግዲህ በደንቡ፣ በእንፋሎት የተቀቀለ አዲስ ሰጋቱራ ነው የሰጠኋቸው።»

«አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። «የሁለታችሁ አሠራር ባይለያይ ኖሮ እኔ መቼም አላውቀውም ነበር። ስድስት ዓመት ክትባቱን ብቻ ነው ሳይ የኖርኩት።» ከዚያ ሳቀች፤ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሥራው አልሞተም። ገና አሁን ተወለደ።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል እኔ ነኝ ያስቆምኩት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩና ወደ ማህተሙ ዞርኩ። «የዛሬ አሥራ አንድ ዓመትም እንግዶች መጥተው ነበር። ያኔም ለአይጦቹ መድኃኒት ሰጥተዋል?»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እንደ ተያዘ ሌባ አልመሰለም። መንገድ ላይ ድንገት ምድጃ አጥፍቼ ወጥቻለሁ ወይ ብሎ እንደሚያስብ ሰው ነው የመሰለው።

«ሰጥቻለሁ» አለ በሹክሹክታ። «እስከ ዛሬ ድረስ... እኔ አንቺ መስለሽኝ ነው። በእውነት።»

ኢንስፔክተሩ እሱን ይዞት ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆም ብሎ እኔን አየኝ። «እሽጉና ውሸቱ የእኔ ሥራ ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ነገር ግን በእኔ መዝገብ አይገባም፤ እትዬ፣ እሱ የእርስዎ ነው» አለና አስነጠሰው። ይህኛውን በአፌ ነው «ይማርዎት» ያልኩት።

ሰኞ ጠዋት ማህተሙ ተመልሶ መጣ። ክሱ ገና ነው፤ እስከዚያ ከኃላፊነት ታግዶ፣ ማህተሙን አስረክቦ፣ ከቢሮው ዕቃውን ሊለቅም ነው የመጣው። ተከትዬው ገባሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ልርዳሽ?»

«እጥበት ክፍል መጥተው ሰው ሁሉ ባለበት እንዲናገሩ ነው።»

«ደብዳቤ ልጻፍልሽ። የድሮውን የሚሽር።»

«ደብዳቤውንም ይጽፋሉ። መጀመሪያ ግን በአፍ። ያኔም በአፍ ነው የሰማሁት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ያለፈ ነገር እኮ ነው ሴትዮ።»

«እኔ አልቸኩልም» አልኩና ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ከተተ። ካርቶኑን አሰረ። ፈትቶ እንደገና አሰረው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። እኔም አየሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ተነሣ።

እጥበት ክፍል ውስጥ ማጠቢያ ማሽኑን አጠፋሁት። በመሐል አይጠፋም፤ ደንብ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ወጣ። ዶክተሯም ጓንቷን እንዳደረገች መጣች።

ማህተሙ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ባዶ ነው፤ አወጣው። አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ቧንቧው ነው። ይድገሙልኝ።»

ቀጮ ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው። ጠብታ እንኳ አይሰማም።

«ያኔ አይጦቹን የፈጀሁት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ግድግዳው ላይ አስተጋባ። «እሷ አይደለችም። ቸልተኛው እኔ ነበርኩ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብበት ነገር አልነበረም። አንዷ አጣቢ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ለዚህ ቀን ስንት ስድብ አጠራቅሜ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱም አልመጣልኝም።

ዶክተሯ ለአዲሱ ጥናት ስልሳ ሳጥን ከሰዓት በፊት ትፈልጋለች፤ ግማሹ የእናቶቹ ሰጋቱራ ይገባበታል፣ በፈቃድና በጽሑፍ። ማሽኑን መልሼ አስነሣሁት። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ። ማህተሙ ብቻ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት ሳጥኖቹ መሐል ቆመ፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችል ነበር፣ አልሄደም። ቆይቶ ኮቱን አወለቀና አንድ ብሩሽ አነሣ።

«መጀመሪያ ጓንት ያድርጉ» አልኩት፣ «ከዚያ ማዕዘኑን በደንብ ይፈትጉት። እኔ አይቼ ነው የማሳልፈው።»